ከሶዶ በታች ያለው ትልም

«መቶ ኪሎ ሜትር ወደ ታች ያለ ድንጋይ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ጥያቄ በዚህ ግቢ ውስጥ ደጋግመን ሰምተናል። ጥያቄው ከሌላ ቢመጣ ባልገረመን ነበር፤ የሚጠይቁን ግን በአብዛኛው እንደ እኛው ሳይንስ የሚማሩ ጓደኞቻችን ናቸው። ጥያቄውን አንንቅም። በወላይታ መሬቱ ጠባብ፥ ሰዉ ብዙ፥ ሥራው ጥቂት ነው፤ ዲግሪውን ይዞ ወደ አባቱ የእንሰት ጓሮ የተመለሰ ወንድም በየቤቱ አለ። እንዲህ ባለ አገር ስለ ጥልቅ ምድር መጻፍ ቅንጦት ቢመስል አይፈረድም። ይሁን እንጂ በዚህ ጉዳይ የምንለው ስላለን፥ የኅብረቱ ጋዜጣ ጥቂት ገጽ እንዲለግሰን ለምነን ይህን ጽፈናል።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ወር በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር መንቀጥቀጥ እንደ ጀመረ ሁላችንም እናስታውሳለን። ታኅሣሥ 26 ቀን መጠኑ ከ5.5 የሚበልጥ፥ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6 የደረሰ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ። በአፋርና በኦሮሚያ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን ለቆ ወጣ። በዚያን ሰሞን በየመኝታ ቤቱ የነበረውን ወሬ የረሳ ካለ እንንገረው፦ አንዱ ቀንና ሰዓት ቆርጦ ይናገራል፤ ሁለተኛው «ዳሞታ ሊፈነዳ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ከስልኩ ላይ ያገኘውን ሁሉ ያለ ምርመራ ያነብባል። ዳሞታ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ እንደ ነበረ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የበረደ ነው። ይህንን እንኳ ደፍሮ የሚናገር ሰው በመካከላችን ጥቂት ነበር። ስለ ምድር ውስጥ የሚያውቅ ሰው የመንቀጥቀጡን ቀን ያውቃል ማለታችን አይደለም፤ ቀኑን የሚያውቅ በዓለም ላይ የለም። ቀኑ እንደማይታወቅ በእርግጠኝነት ለመናገር ግን ምን እንደሚታወቅ ማወቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ ምድር ስንማር በሰሌዳ ላይ የተሣለልን ክብ ነገር ነበር፤ ቅርፊት፥ ማንትል፥ እምብርት ተብሎ እንደ ሽንኩርት የተከፋፈለ። የመንቀጥቀጥ ሞገድም በእያንዳንዱ ንጣፍ ውስጥ አንድ የተወሰነ ፍጥነት እንዳለው ተነግሮን፥ ቁጥሩን በቃል አጥንተን ፈተና አለፍን። ሥዕሉ ለጀማሪ ክፉ አይደለም። ጉድለቱ ሞገዱ በየትም አቅጣጫ ቢሄድ ፍጥነቱ አንድ እንደ ሆነ ማስመሰሉ ነው። በእውነት ግን በላይኛው ማንትል ውስጥ የሞገድ ፍጥነት በሚሄድበት አቅጣጫና በሚወዛወዝበት ወገን ይለያያል። ይህን ጠባይ የሚገልጽ የተለመደ የአማርኛ ቃል ስላላገኘን «አቅጣጫዊ ልዩነት» ብለነዋል፤ የተሻለ ያለው ይምጣና ያርመን።

ነገሩን ለመረዳት የታረሰ ማሳ ማሰብ ይበቃል። ሁለት ልጆች ከአንድ ዳር ተነሥተው እኩል በሆነ ጉልበት ቢሮጡ፥ አንዱ በትልሙ መካከል ሲሮጥ ሌላው ትልሙን እያቋረጠ ቢሄድ፥ ሁለተኛው በየጉልበቱ እየተሰናከለ ወደ ኋላ ይቀራል። ማሳውን ያላየ ሰው እንኳ፥ የልጆቹን መዘግየት በሰዓት ለክቶ፥ በሬዎቹ በየት አቅጣጫ እንዳረሱ መናገር ይችላል። የመሬት መንቀጥቀጥ አጥኚዎች የሚሠሩት ሥራ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ማሳው ማንትል ነው፤ ልጆቹ ሞገዶች ናቸው። በሬዎቹስ?

የላይኛው ማንትል ከግማሽ በላይ የተሠራው ኦሊቪን ከሚባል አረንጓዴ ማዕድን ነው። በደቡብ በኩል ወደ ሜጋ የሄደ ሰው በእጁ ሊይዘው ይችላል፤ በዚያ የፈሰሰው ጥቁር ባዛልት ከጥልቁ ቆርሶ ያመጣቸው የማንትል ቁርጥራጮች በውስጡ ተቀብረው ይገኛሉና። የኦሊቪን አንድ ቅንጣት በሦስቱ አቅጣጫዎቹ ጠባዩ አንድ አይደለም። የግፊት ሞገድ በአንዱ መስመር በሰከንድ 9.9 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድበት፥ በሌላው መስመር 7.7 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሄድበታል። ቅንጣቶቹ እንደ ተበተነ ጤፍ በየአቅጣጫው ቢሆኑ ይህ ልዩነት ተደባልቆ ይጠፋ ነበር። ነገር ግን ማንትል ጠጣር ሆኖ ሳለ በታላቅ ሙቀት እጅግ በዝግታ ይፈስሳል፤ በዓመት ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። በሚፈስስበትም ጊዜ በቅንጣቶቹ ውስጥ ያሉት የአቶም ረድፎች እየተንሸራተቱ፥ ፈጣኑ መስመር ቀስ በቀስ ወደ ፍሰቱ አቅጣጫ ይዞራል። ባሕር ዛፍ በቁመቱ ሲመቱት በአንድ መጥረቢያ የሚሰነጠቀው፥ በአግድም ሲመቱት ግን መጥረቢያውን ነክሶ የሚይዘው ጅማቱ በአንድ ወገን ስለ ተሰለፈ ነው፤ የተበላሸው ማንትልም ጅማት ያወጣል ማለት ነው። («ተበላሸ» ስንል ቅርፁ ተለወጠ ማለታችን ነው፤ የምህንድስና ተማሪዎች እንዳይስቁብን።)

ይህን በመጀመሪያ ከሞገድ መዝገብ አውጥተው ያሳዩት አሜሪካዊው ሃሪ ሄስ ናቸው። በ1956 ዓ.ም. ባወጡት አጭር ጽሑፍ፥ ከውቅያኖስ ወለል በታች ያለው ሞገድ የባሕሩ ወለል በሚከፈትበት አቅጣጫ ፈጥኖ፥ በመስቀለኛው ግን ዘግይቶ እንደሚሄድ አስረዱ። ወለሉ ሲዘረጋ ከሥሩ ያለው ኦሊቪን አብሮ ተስቦ ተሰልፏል ማለት ነው። ስለዚህ ቀላል ሕግ የተገኘ መሰለ፦ ምድር ወደ ተሳበችበት ወገን ሞገዱ ይፈጥናል።

ይህ ሕግ በእኛ አገር ሲፈተን የሆነውን ነው ለጓደኞቻችን ልንነግር የፈለግነው።

ለመፈተኛው የሚያገለግለው ሞገድ ከሩቅ የሚመጣ ነው። በቶንጋ ደሴቶች ወይም በጃፓን ታላቅ መንቀጥቀጥ ሲነሣ፥ ሞገዱ ወደ ምድር እምብርት ወርዶ፥ በፈሳሹ ውስጥ አልፎ፥ ከሃያ ደቂቃ በላይ ተጉዞ ከእግራችን በታች ብቅ ይላል። በፈሳሽ ውስጥ የጎን ውዝዋዜ ስለማያልፍ፥ ሞገዱ በእምብርቱ ውስጥ የግፊት ሞገድ ብቻ ይሆናል፤ ሲወጣም እንደ ገና የጎን ሞገድ ሆኖ በአንድ ወገን ብቻ እየተወዛወዘ ይነሣል። ፈሳሹ እምብርት ያለፈ ታሪኩን ሁሉ አጥቦ ይልከዋል ብንል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ ወዲህ ጅማት ያለበት አለት ካጋጠመው ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በጅማቱ ወገን እየተወዛወዘ ይቀድማል፥ ሌላው በመስቀለኛው ይከተላል። ከላይ ያለው መሣሪያ የሚመዘግበው ሁለት ነገር ነው፦ የቀደመው በየት ወገን እንደ ተወዛወዘና ተከታዩ ስንት ሰከንድ እንደ ዘገየ።

አንድ ሰከንድ መዘግየት ትንሽ ይመስላል። ሒሳቡን እንሥራው፦ የጎን ሞገድ በላይኛው ማንትል በሰከንድ 4.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ መቶ ኪሎ ሜትር ለማለፍ 22 ሰከንድ ይፈጅበታል። አንድ ሰከንድ ለመዘግየት እንግዲህ በመቶው ኪሎ ሜትር ሁሉ ከመቶ 4 ወይም 5 እጅ የፍጥነት ልዩነት መኖር አለበት። ያ ሁሉ አለት በአንድነት ተሰልፏል ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ልኬት በስፋት የተሠራው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያ ከ1992 እስከ 1994 ዓ.ም. በአገሪቱ ልዩ ልዩ ከተሞች መሣሪያዎች ተተከሉ፤ ከእነዚህም አንዱ በሆሳዕና፥ አንዱ በአርባ ምንጭ ቆሞ ነበር። ሶዶ በሁለቱ መካከል እንዳለች ለወላይታ ልጅ መንገር አያስፈልግም። ቀጥሎም ኢግል በሚል አጭር ስም የታወቀው ታላቅ ጥናት መጥቶ፥ በስምጥ ሸለቆው ሰሜናዊ ክፍል መሣሪያዎቹን አብዝቶ ተከለ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ከጎጃም በኩል ተነሥቶ ስምጥ ሸለቆውን በሚያቋርጥ መስመር ላይ ፈንጂ እያፈነዱ ሞገዱን ለኩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በሥራው ነበሩበት፤ ፕሮፌሰር አታላይ አየለ ከእንግሊዛውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በ1996 ዓ.ም. ገደማ ያወጡት ጽሑፍ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

ውጤቱስ ምን ሆነ? ስምጥ ሸለቆው በምሥራቅና በምዕራብ እየተሳበ በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር እንደሚከፈት ይታወቃል። በሄስ ሕግ ብንሄድ ሞገዱ ሸለቆውን በሚያቋርጠው ወገን ሊፈጥን ይገባ ነበር። የተገኘው ግን ተቃራኒው ነው። ፈጣኑ ወገን ከሸለቆው ጋር አብሮ፥ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተዘርግቷል፤ መዘግየቱም በብዙ ቦታ ከአንድ ሰከንድ ይበልጣል። ማሳው በአንድ ወገን ሲሳብ፥ ትልሙ ወደ ሌላ ወገን ተገኘ።

አራሹ ማን ነው? በዚህ ሊቃውንቱ አልተስማሙም፤ እኛም እዚህ ላይ ዘግየት ማለት እንወዳለን፥ መምህሮቻችን «ሳይንስ አለቀለት የተባለ እውነት አይደለም» እያሉ በየጊዜው የሚነግሩንን በዓይናችን የምናየው እዚህ ነውና።

አንደኛው ወገን «መቅለጥ ነው» ይላል። ኬንዳልና ባልደረቦቻቸው በ1997 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው መጽሔት እንዳስረዱት፥ ከሸለቆው በታች ያለው የቀለጠ አለት እንደ ቆመ ስስ ገበታ በስንጥቆች ውስጥ ተሰልፎ ተቀምጧል። ስንጥቆቹ ከሸለቆው ጋር ትይዩ ስለ ሆኑ፥ ሞገዱም በዚያው ወገን ይፈጥናል። ለዚህ ዋናው ማስረጃቸው በቅርብ ርቀት ላይ ያሉ ጣቢያዎች የተለያየ ውጤት መስጠታቸው ነው፤ በሸለቆው ወለል ላይ ፈጣኑ ወገን በቅርብ ዘመን እሳተ ገሞራ ወደ ተነሣበት መስመር ጥቂት ይዞራል። ሁለት ጎረቤት ጣቢያዎች ከተለያዩ፥ ምክንያቱ እጅግ ጥልቅ ሊሆን አይችልም፤ ከጥልቅ የሚመጣው ለሁለቱም የጋራ ነዋ።

ሁለተኛው ወገን «ጥንታዊ ቅርስ ነው» ይላል። ጋሻውበዛ የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ1996 ዓ.ም. ገደማ እንደ ጻፉት፥ ጅማቱ የተሠራው ስምጥ ሸለቆው ገና ሳይታሰብ፥ ከአምስት መቶ ሚሊዮን ዓመት በፊት አህጉሮች ሲጋጩ ነው፤ ሸለቆው ኋላ መጥቶ በየቦታው ጥቂት አሻሻለው እንጂ አልፈጠረውም።

ሦስተኛው ወገን ደግሞ ወደ ታች ይጠቁማል። ከአፍሪካ ደቡብ ሥር የሚነሣ ታላቅ የሞቀ ማንትል ወደ ሰሜን ምሥራቅ እያዘነበለ ይወጣል፤ ኦሊቪኑን ያሰለፈው የእርሱ ፍሰት ነው ይላሉ። ለዚህኛው የሚረዳው ነገር ከኬንያ እስከ ዓረብ ምድር ድረስ የፈጣኑ ወገን አጠቃላይ አዝማሚያ ተቀራራቢ መሆኑ ነው።

በበኩላችን ለአንደኛው እናዳላለን፥ የጎረቤት ጣቢያዎችን ልዩነት ሌሎቹ በቀላሉ ሊያስረዱት አይችሉምና። ነገር ግን ሦስቱም በአንድነት፥ በተለያየ ጥልቀት ሊሠሩ ይችላሉ። በዚህ ላይ ኦሊቪን ራሱ ተንኮለኛ ነው፦ ቅንጣቱ ሲደቅቅና ግፊቱ ሲላላ ሳይሰለፍ ሊፈስስ ይችላል፤ ጁንግና ካራቶ በ1993 ዓ.ም. እንዳሳዩትም ውኃ ሲገባበት የሚሰለፍበት ወገን ሊለወጥ ይችላል። ትልሙን አይቶ በሬዎቹ የሄዱበትን ለመናገር የሚቸኩል ሰው እንግዲህ ይጠንቀቅ።

የወላይታ ነገር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ከተማ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ዳር ላይ ተቀምጣለች፤ ከዳሞታ ግርጌ ተነሥተን በሁምቦ በኩል ወደ ዓባያ ስንወርድ ከፍታው በስምንት መቶ ሜትር ያህል ይቀንሳል። ሸለቆውም ከሰሜን ሲመጣ የነበረውን የሰሜን ምሥራቅ አቅጣጫ ለቆ፥ በእኛ አካባቢ ወደ ሰሜንና ደቡብ መቅናት ይጀምራል። ስለዚህ በሰሜን ተደባልቀው የነበሩት ሦስት ማብራሪያዎች እዚህ ሊለያዩ ይችላሉ። ከጥልቁ የሚመጣው ፍሰት ከሆነ፥ ሸለቆው ቢታጠፍም ፈጣኑ ወገን ሊታጠፍ አይገባውም። የቀለጠው አለት ከሆነ፥ ከሸለቆው ጋር መዞር፥ ከዳሩ ወጥተን ወደ አረካ ስንርቅም መድከም ይኖርበታል። ጥንታዊው ቅርስ ከሆነ፥ በሸለቆው ውስጥም ሆነ ከውጭ በደጋው ላይ ሳይለወጥ መገኘት አለበት። ከአረካ በሶዶና በሁምቦ አድርጎ እስከ ብላቴ ወንዝ በሚደርስ መስመር ላይ አምስት ወይም ስድስት ጣቢያ ለሁለት ዓመት ቢቆም፥ ለዚህ ክርክር የሚበቃ መልስ ይገኛል ብለን እናምናለን።

«ይህን ፈረንጆች ይሥሩት» የሚሉን አሉ። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው «የምድራችንን ምስጢር ወስደው ስም አወጡበት» እያሉ ይቆጣሉ። ሁለተኛው ንግግር ለጆሮ ይጣፍጣል፥ በስብሰባም ያስጨበጭባል፤ እኛ ግን አንቀበለውም። የእነዚያ ጥናቶች የሞገድ መዝገብ ዛሬ በዓለም አቀፍ ማኅደር ተቀምጦ ለጠየቀ ሁሉ በነፃ ይሰጣል። ማንበቢያው የኮምፒዩተር ፕሮግራም፥ ለምሳሌ ኦብስፓይ የሚባለው፥ ያለ ገንዘብ ይገኛል። የሆሳዕናውን ወይም የአርባ ምንጩን መዝገብ አውርዶ፥ ሁለቱን ሞገዶች ለያይቶ፥ መዘግየቱን በራሱ እጅ የለካ ተማሪ በመካከላችን ስንት አለ? በሩ ሳይዘጋ «ተዘጋብን» ብሎ መጮህ አይገባም።

በዚህ ረገድ የቀደሙትን ማስታወስ ይጠቅማል። ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዌን በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብሰርቫቶሪ ሲያቋቁሙ፥ በእጃቸው የነበረው መሣሪያ ዛሬ በአንድ ስልክ ውስጥ ካለው ያነሰ ነበር። ሆኖም የቆዩ የታሪክ ጽሑፎችን፥ የመንገደኞችን ማስታወሻና የመሣሪያ መዝገብ እያመሳከሩ፥ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመንቀጥቀጥ ታሪክ በአንድ ታላቅ መጽሐፍ ሰበሰቡ። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. በስምጥ ሸለቆው ተነሥቶ አዲስ አበባን ያናወጠውን፥ በ1953 ዓ.ም. መጀመሪያ ክረምት ማጀቴን ያፈረሰውንና ካራቆሬን የጎዳውን መንቀጥቀጥ ዛሬ በዝርዝር የምናውቀው በእርሳቸው ትጋት ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2003 ዓ.ም. በሆሳዕና አካባቢ የተነሣው፥ መጠኑ ከ5 የሚበልጠው መንቀጥቀጥ ደግሞ ጉዳዩ የሩቅ ጎረቤት ብቻ እንዳልሆነ አሳይቷል።

ከዚህ ላይ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንመልስ። የመቶ ኪሎ ሜትሩ ድንጋይ ጥቅሙ ይህ ነው፦ መንቀጥቀጥ የት እንደ ተነሣ የሚታወቀው ሞገዱ በየጣቢያው የደረሰበትን ሰዓት ወደ ኋላ በመቁጠር ነው። ሞገዱ በምን ፍጥነት እንደ መጣ ካልታወቀ ቆጠራው ይስታል። ከኢትዮጵያ በታች ያለው ማንትል በዓለም ላይ ሞገድ እጅግ ከሚዘገይባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ለሌላ አገር በተዘጋጀ የፍጥነት ሠንጠረዥ የእኛን መንቀጥቀጥ መቁጠር፥ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ጫማ እንደ ማድረግ ይሆናል። ጣቢያ በራቀና በሳሳ ቁጥር ስሕተቱ ይብሳል። በዓባያ ሥር ወይም በዱጉና አጠገብ የተነሣ መንቀጥቀጥ በየትኛው ስብራት ላይ እንደ ሆነ ካልታወቀ ደግሞ፥ በሶዶ ከወር ወር ወደ ላይ የሚያድጉት ፎቆች በምን ጥንካሬ መሠራት እንዳለባቸው የሚመክር መሐንዲስ በግምት ይመክራል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ገንዘብ አይፈልግም፤ የፊዚክስ፥ የሒሳብና የኮምፒዩተር ተማሪዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰቡ ያንን ነፃ መዝገብ የሚያነቡበት ቡድን ይቋቋም፤ ፈቃደኛ መምህር ይምራን። የሚጻፈውም በእንግሊዝኛ ብቻ አይሁን። በአማርኛና በወላይትኛ ስለ ሞገድ የሚናገር አንድ ገጽ በየቀበሌው ቢለጠፍ፥ በሚቀጥለው ጊዜ ወሬ ሲነሣ እናቶቻችን የሚያነቡት ነገር ይኖራቸዋል።

ሁለተኛው ገንዘብ ይፈልጋል። በግቢያችን አንድ የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ይተከል። እዚህ ላይ ርካሹን መሣሪያ ገዝቶ ፎቶግራፍ ተነሥቶ መለያየት እንዳይመጣ እንፈራለን። ርካሹ ለቅርብ መንቀጥቀጥ ይበቃል፤ በአሥር ሰከንድ አንዴ ብቻ የሚወዛወዘውንና ከምድር እምብርት የሚመጣውን ዘገምተኛ ሞገድ ግን አይሰማም። ሰፊ ድምፅ የሚሰማው ውድ ነውና፥ ምናልባት በውሰት ከአዲስ አበባው ኦብሰርቫቶሪ ጋር በመስማማት መጀመር ይቻል ይሆናል። ቦታውም ከበሩና ከመኪናው መንገድ የራቀ፥ ዛፍ በነፋስ የማያናውጠው፥ ከላላው ቀይ አፈር በታች እስከ ጽኑው አለት የተቆፈረ ጉድጓድ መሆን አለበት። ጉድጓዱን እኛ እንቆፍራለን፤ አካፋና ዶማ ከየቤታችን እናመጣለን።